የውርጭ ማለዳ እንግዳ፦ ትንሽ ሰውነት ብርድን እንዴት እንደሚያልፍ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የምነግራችሁ በአገራችን ስለማትገኝ ወፍ ነው። ስሟ ሃሚንግበርድ ይባላል። ክብደቷ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ትንሽ ሰውነት ከብርድ ጋር እንዴት እንደሚታገል ከእርሷ የተሻለ የሚያስተምር ፍጡር ስለማላውቅ ነው። ሁለተኛው ኑዛዜ ነው። ስለዚህች ወፍ አንድ ጥያቄ ተጠይቄ፣ ሳላጣራ መልስ ሰጥቼ፣ ተሳስቼ ነበር። የተማረ ሰው ስህተት ከሌላው ሰው ስህተት ይከብዳል፤ ሰሚው አምኖ ይፈጽመዋልና። ያን ጊዜ ጉዳት ሳይደርስ የቀረው ሰሚዬ እምቢ በማለታቸው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሳባቲካል ፈቃዴን በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት አሳለፍሁ። ያረፍሁትም ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በጓሮአቸው ነው። ከጎመኑና ከጤና አዳሙ ማዶ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ ቀይ ክዳን ያለው የስኳር ውሃ መመገቢያ ለወፎች ሰቅለዋል። በሙቀቱ ወራት ሃሚንግበርዶች እየመጡ ይጠጡበታል። በመስከረም መጨረሻ ወፎቹ ወደ ደቡብ ሄዱ፤ አክስቴ ግን መመገቢያውን ሳያወርዱት ቀሩ።

ኅዳር 15 ቀን ማለዳ አክስቴ ከወጥ ቤት ጠሩኝ። «ና እስቲ እይ፤ አንዷ ቀርታለች» አሉኝ። ውጭው አመዳይ ለብሷል። መመገቢያው ላይ ጎኗና ጅራቷ ቀላ ያለች፣ ጀርባዋ አረንጓዴ የሆነች አንዲት ወፍ በአየር ላይ ቆማ ትጠጣለች። ጎረቤታቸው፣ ደግ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩ ነበርና ምክር ሰጡ። «መመገቢያውን ያውርዱት። ምግብ ስላገኘች ነው ያልሄደችው። እዚህ ከቆየች በብርድ ትሞታለች፤ የሚገድላትም የእርስዎ ደግነት ነው» አሉ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ የሙያ ዘርፍ ነፍሳት ናቸው፤ ስለ ወፍ የማውቀው ማንኛውም የባዮሎጂ መምህር ከሚያውቀው አይበልጥም ነበር። ነገር ግን ምክሩ ለጆሮ የሚጥም፣ ምክንያት ያለው ይመስላል። «እውነታቸውን ነው፤ ያውርዱት» አልኳቸው።

አክስቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ በብርድ ደጄ የቆመችን እንግዳ ባዶ መሶብ አሳይቼ ልሸኛት?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ዕውቀቱ የአንተ ነው፤ ቤቱ ግን የእኔ ነው» ብለው መመገቢያውን አጥበው፣ አዲስ የስኳር ውሃ ሞልተው መልሰው ሰቀሉት።

በዚያ ሳምንት አፍሬ ማንበብ ጀመርሁ። የዛሬው ገለጻ የዚያ ንባብ ፍሬ ነው።

እንግዳዋ ማን ነበረች?

ሃሚንግበርዶች ከ350 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፤ በዱር የሚኖሩትም በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጌራልድ ማይር የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ በደቡብ ጀርመን የተገኘ፣ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የሃሚንግበርድ ቅሪተ አካል ለዓለም አስተዋውቀዋል። ወገናቸው በአንድ ወቅት በእኛም ወገን ባለው ዓለም ይኖር ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የምትራባው ዝርያ አንዲት ብቻ ናት፤ ሩቢ ስሮትድ ይሏታል፣ የወንዱ ጉሮሮ እንደ ቀይ ዕንቁ ያበራልና። እርሷ በክረምታቸው ወደ ሜክሲኮና ወደ መካከለኛው አሜሪካ ትወርዳለች። ብዙዎቹም 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያለ ዕረፍት በአንድ በረራ ያቋርጡታል።

የአክስቴ እንግዳ ግን ሌላ ነበረች። ሩፈስ ትባላለች። ስሙ ቀለሟን ያመለክታል፤ እኛ በፈረስ ላይ ስናየው «ዳማ» የምንለው ዓይነት ነው። ዳማዋ የምትራባው በአህጉሩ ሌላኛው ዳር፣ ከኦሪገን እስከ ደቡባዊ አላስካ ባለው ምድር ነው። ከሃሚንግበርዶች ሁሉ ወደ ሰሜን ርቃ የምትራባው እርሷ ናት። ክረምቱን የምታሳልፈው በአብዛኛው በሜክሲኮ ነው። እንግዲህ በካርታ ላይ ብታስቀምጧት ሜሪላንድ ከመንገዷ እጅግ የራቀ ቦታ ነው።

ማንነቷን ያረጋገጠው የእኛ ዓይን አይደለም። ሴቷና ጫጩቷ ዳማ፣ አለንስ ከምትባለው ከቅርብ ዘመዷ በዓይን አትለይም፤ የጅራት ላባ ቅርጽና ስፋት መለካት አለበት። ስለዚህ ወፍ ይዞ ቀለበት ለማሰር ከመንግሥት ፈቃድ ያላቸው አንድ በጎ ፈቃደኛ መጡ። መመገቢያውን በሽቦ ወጥመድ ውስጥ አንጠልጥለው፣ ወፊቱ ስትገባ በገመድ በሩን ዘጉት። ክንፏን፣ ምንቃሯን፣ የጅራቷን ላባዎች ለኩ፤ መዘኗት፤ 3.7 ግራም ሆነች። እንደ ክር የቀጠነ እግሯ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት አሰሩ። በዚያ ዓመት የተፈለፈለች ሴት ዳማ መሆኗን ነገሩን። አክስቴ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አመማት እንዴ?»

ሰውየው ወፊቱ መቼ እንደመጣች ሲጠይቁ፣ አክስቴ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አሳዩአቸው። በየዕለቱ የመጣችበት ሰዓት፣ ብርዱ፣ ስንት ጊዜ እንደጠጣች ሁሉ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአማርኛ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ ሰዓት ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ወደ እነርሱ አቆጣጠር የመለወጡ ሥራ የእኔ ሆነ። በዚያ ክረምት ለወፎች ሳይንስ ያደረግሁት አስተዋጽኦ ያ ብቻ ነው።

ድንችና ሽንብራ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ 3.7 ግራም የሆነ ሰውነት በውርጭ ውስጥ እንዴት ይኖራል?

አንድ ትልቅ ድንችና አንዲት የሽንብራ ፍሬ ከአንድ ድስት ውስጥ አፍልታችሁ አውጡ። ሽንብራዋ ወዲያው ትቀዘቅዛለች፤ ድንቹ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላም እጅ ያቃጥላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቀት የሚከማቸው በይዘት ውስጥ ነው፤ የሚያመልጠው ግን በገጽ በኩል ነው። አንድ ነገር ባነሰ ቁጥር ገጹ ከይዘቱ አንጻር እየሰፋ ይሄዳል። ሃሚንግበርድ ሽንብራዋ ናት። በዚያ ላይ የሰውነቷ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆን አለበት። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ሲሆን፣ በቆዳዋና በአየሩ መካከል ያለው የ50 ዲግሪ ልዩነት በጥቂት ሚሊ ሜትር ላባ ብቻ ይጠበቃል።

ኑሮዋም ራሱ ውድ ነው። በአየር ላይ ቆማ ስትጠጣ ክንፏ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ልቧም በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። ሌሎች ወፎች ክብደታቸውን የሚሸከሙት በአብዛኛው ክንፋቸውን ወደ ታች ሲመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በዚችው በዳማዋ ላይ የተደረገ ጥናት ግን ክንፏን ወደ ላይ ስትመልሰውም ከክብደቷ ሩብ ያህሉን እንደምትሸከም አሳይቷል። በአየር ላይ መቆም የቻለችው ስለዚህ ነው። ሆኖም የዚህ ችሎታ ዋጋ በስኳር ይከፈላል።

ስኳሩን የምትወስድበት መሣሪያም ድንቅ ነው። ረጅም ምላሷ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ምላሷ ወለላውን የሚስበው የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብበት ዓይነት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አሌሃንድሮ ሪኮ ጌቫራና ማርጋሬት ሩቤጋ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ሆነ። የምላሷ ጫፎች ወለላው ውስጥ ሲገቡ ይከፈታሉ፤ ሲወጡ ይዘጋሉ፤ በመካከል ያለውን ፈሳሽ አፍነው ያወጡታል። የጣፋጭ ጣዕም ጉዳይም እንዲሁ አስገራሚ ነው። ወፎች እኛ ጣፋጭን የምንለይበት ተቀባይ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሃሚንግበርድ አያቶች የሥጋን ጣዕም የሚለየውን ተቀባይ ለውጠው ስኳርን እንዲለይ አድርገውታል።

በሜሪላንድ በታኅሣሥ ቀኑ የዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ዕድሜ ብቻ አለው። ሌሊቱ ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ወፊቱ አንዳች አትቀምስም። ቀን የሰበሰበችው ስብ ከማለዳ በፊት ካለቀ ትሞታለች። ታዲያ ምን ታደርጋለች?

የሞተች የመሰለችበት ማለዳ

በጥር ወር አጋማሽ አንድ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 11 ደረሰ። አክስቴ እንደ ልማዳቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥተው፣ ማታ ወደ ቤት ያስገቡትን መመገቢያ አውጥተው ሰቀሉ። ጎሕ ቀደደ፤ ወፊቱ አልመጣችም። ፀሐይ ወጣች፤ አልመጣችም። አክስቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡና ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፈውን ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈለጉ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት ነው።

ወፊቱ ቅርንጫፍ ላይ ነበረች። ላባዋ ተነፍቶ ክብ ሆናለች፤ ምንቃሯ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኗ ተከድኗል። ስንቀርባት አልተንቀሳቀሰችም። አክስቴ እንባ እየተናነቃቸው፣ «ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። በመዳፌ ይዤ ወደ ቤት ላስገባት፣ ከምድጃው አጠገብ ላሞቃት ነበር። በዚያች ቅጽበት ያነበብሁት ትዝ አለኝና እጄን መለስሁ። «አልሞተችም ይሆናል፤ እንጠብቅ» አልኳቸው።

ወደ ኋላ ራቅ ብለን ቆምን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ቅርንጫፉን ስትነካው ጅራቷ ሲንቀጠቀጥ አየን። ቀጥሎ መላ ሰውነቷ ይርገፈገፍ ጀመር። ዓይኗን ከፈተች። ጥቂት ቆይታም ከቅርንጫፉ ተነሥታ በቀጥታ ወደ መመገቢያው በረረች። አክስቴ በቆሙበት እልል አሉ፤ ጎረቤታቸው መስኮታቸውን ከፈቱ።

ያየነው ነገር በሳይንስ ቶርፖር ይባላል፤ እኔ የሌሊት ድንዛዜ እለዋለሁ። ከእንቅልፍ እጅግ የጠለቀ ነው። ወፊቱ የሰውነቷን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ወደ አካባቢው ሙቀት ተጠግቶ እንዲወርድ ትለቀዋለች። የልቧ ምት በደቂቃ ወደ 50 ገደማ ሊወርድ ይችላል። የኃይል ፍጆታዋም በሰዓት ሲሰላ ከ90 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ቤት ዘግቶ የሚሄድ ሰው እሳቱን ዳፍኖ፣ ፍም ብቻ በአመድ ሥር ትቶ እንደሚሄድ ማለት ነው። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ብላክ ሜታልቴይል የተባለች ሃሚንግበርድ የሰውነቷ ሙቀት እስከ 3.3 ዲግሪ ወርዶ መልሳ መንቃቷን መዝግቧል።

ይህ ዘዴ በነጻ አይገኝም። የደነዘዘች ወፍ ጠላት ቢመጣባት መብረር አትችልም። መንቃትም ራሱ ስንቅ ይጠይቃል። ወፊቱ የምትሞቀው የደረቷን የበረራ ጡንቻዎች በማንቀጥቀጥ ነው፤ ከሃያ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድባት ይችላል። ለዚያ የሚሆን ስብ ካልተረፋት ድንዛዜው ሞት ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻዋ የምሽት ጉርሻና የመጀመሪያዋ የማለዳ ጉርሻ ከቀኑ ሁሉ የከበዱ ናቸው።

እጄን ባልመልስ ኖሮስ? ፈርታ፣ ያለ ጊዜዋ ነቅታ፣ በቤት ውስጥ ከመስታወት ጋር እየተጋጨች የቀረ ስንቋን ትጨርስ ነበር። ከዚህም በላይ በአሜሪካ ከ1918 ጀምሮ የጸና ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው። እንዲህ ያለች ወፍ የተጎዳች ከመሰለ መጥራት የሚገባው ፈቃድ ያለውን የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ነው።

መመገቢያው ያስቀራታልን?

አሁን ወደ ስህተቴ እመለሳለሁ። እኔና ጎረቤታችን ያልነው፣ ምግብ ስላለ ከጉዞዋ ቀረች የሚል ነበር። ስህተቱ የመንስኤ ስህተት ነው። ስደተኛ ወፎች ጉዞ የሚጀምሩት ምግብ ስላለቀባቸው አይደለም። የቀኑ ርዝመት ሲለወጥ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የዓመት ሰዓት ይነግራቸዋል፤ ምግብ በተትረፈረፈበት ወቅትም ስብ አከማችተው ይነሣሉ። የአክስቴን መመገቢያ የለመዱት ሩቢዎች የሞላውን ትተው በመስከረም መጨረሻ መሄዳቸውን ማስተዋል ይበቃን ነበር። ማስረጃው በዓይናችን ፊት ተሰቅሎ ሳለ አላየነውም።

ዳማዋም ያልሄደች ወፍ አልነበረችም። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ተጉዛ የመጣች ወፍ ነበረች። ካለፈው መቶ ዓመት መጨረሻ አሥርተ ዓመታት ወዲህ በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ አሜሪካ ክረምቱን የሚያሳልፉ ዳማዎች እየበዙ መጥተዋል። ቀለበት የታሰሩት አንዳንዶቹ በየክረምቱ ወደዚያው ጓሮ ተመልሰው ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በፍሎሪዳ፣ በታላሃሲ ከተማ ቀለበት የታሰረች አንዲት ዳማ በዚያው ዓመት በጁን ወር በአላስካ ተያዘች። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ የጠፋት ወፍ እንዲህ አትጓዝም።

ታዲያ ለምን ወደ ምሥራቅ ይመጣሉ? ከአውሮፓ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ብላክካፕ የሚባል፣ የወንዱ አናት ጥቁር የሆነ ትንሽ ወፍ አለ፤ አንዳንዶቹ በበጋችን አገራችን ድረስ ይመጣሉ። ከመካከለኛው አውሮፓ ብላክካፖች ግን የተወሰኑት ወደ ደቡብ በመሄድ ፈንታ ወደ ብሪታንያ መሄድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፒተር በርትሆልድና ባልደረቦቻቸው ይህ የአቅጣጫ ለውጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን በሙከራ አሳዩ። ቀድሞ በዚያ አቅጣጫ የሄደ በክረምቱ ያልቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ክረምቱ ለዝቧል፣ በየጓሮውም ምግብ ተሰቅሏል፤ ስለዚህ ተርፎ ይመለሳል፣ አቅጣጫውንም ለልጆቹ ያወርሳል። የዳማዎቹም ነገር እንዲሁ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስደት የማይለወጥ መንገድ ሳይሆን፣ በየትውልዱ የሚፈተንና የሚታረም ውርስ ነው ማለት ነውና።

ነገር ግን ከአንድ ስህተት ወጥቼ ወደ ሌላው እንዳልገባ እጠነቀቃለሁ። አክስቴ ወፊቱን ብቻቸውን አላኖሯትም። ሃሚንግበርድ በስኳር ብቻ አትኖርም፤ ፕሮቲን የምታገኘው ከጥቃቅን ነፍሳትና ከሸረሪቶች ነው፣ ብርዱ ረገብ ባለ ቀን በክረምትም አታጣቸውም። ግንደ ቆርቁር ከሚባሉት ወገን የሆነ አንድ ወፍም በዛፍ ግንድ ላይ ተርታ ቀዳዳዎች እየቆረቆረ ፈሳሹን ይጠጣል፤ ሃሚንግበርዶችም ከዚያ ይቃመሳሉ። መመገቢያው የሚከብደው እንደዚያች የጥር ማለዳ ሌላው ሁሉ በበረዶ ሲቆለፍ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ አናስ የምትባለው ሃሚንግበርድ ባለፉት 80 እና 90 ዓመታት ከካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ ድረስ ወደ ሰሜን ተስፋፍታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህ መስፋፋት ከከተሞች ማደግና ከጓሮ መመገቢያዎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። መረጃው ከየት መጣ? በመስኮታቸው በኩል እያዩ ከጻፉ ተራ ሰዎች ነው።

የማርና የስኳር ክርክር

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል፤ በአክስቴ ቤት የተነሣ ክርክር አለና። አክስቴ ብርዱ ሲጠና «ማር እያለ ስኳር ምን ያደርግላታል? ማር ኃይል ነው» ብለው ነበር። ለኢትዮጵያዊ ማር የክብር ምግብ ነው። ነገር ግን ማርን በውሃ በጥብጦ ማቆየት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ ብርዝ ነው፣ ሰንብቶ ጠጅ ይሆናል። የሚያፈላው እርሾና አብሮት የሚያድገው ሻጋታ ለሃሚንግበርድ ጠንቅ ነው። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ሳቁና፣ «እንኳን ጠጅ አላጠጣኋት» አሉ።

ትክክለኛው መጠን አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ ነው። ይህ ወፎቹ ከሚወዷቸው አበቦች ወለላ ጋር ይቀራረባል። ቀይ ቀለም አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ክዳን መቅላቱ ይበቃል። የስኳር ውሃ ከንጹሕ ውሃ ትንሽ ዘግይቶ ይረጋል፤ ልዩነቱ ግን አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ በውርጭ አያድንም። ስለዚህ አክስቴ ሁለት መመገቢያ ይዘው፣ አንዱ ሲረጋ ሌላውን ለብ አድርገው ያፈራርቁ ነበር።

የሚመግብ ሰው ግዴታም አለበት። ያልታጠበ መመገቢያ በሽታ ያስተላልፋል። ከመስኮት አጠገብ በማይሆን ርቀት የተሰቀለ ወፎችን ከመስታወት ጋር ያጋጫል። ድመት ካለም ወጥመድ ይሆናል። ዳማዋ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተቃረቡት መካከል ተጽፋለች። እንግዲህ በደጃችን ያለችው አንዲት ብትሆንም፣ ከሚቀንሱት አንዷ ናት።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን ሃሚንግበርድ የለም፤ የእርሷን ሥራ የሚሠሩ ግን አሉን። በእንግሊዝኛ ሰንበርድ የሚባሉት፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ወንዶቻቸው እንደ ብረት የሚያብለጨልጩት ወፎች በየግቢያችን አበባ ይቀስማሉ። ከሃሚንግበርድ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሁለት የተለያዩ ነገዶች ለአንድ ሥራ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ተገኙ፤ ብቻ የእኛዎቹ በአብዛኛው አበባው ላይ አርፈው ይጠጣሉ። ከእነርሱ አንዱ በወንዛችን ስም የሚጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 በሳይንስ ሲመዘገብ ስሙን ከተከዜ ወስዷል። ይህ ወፍ የደጋ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ከጅባራ አበባ ወለላ ይቀስማል። ስሜንን የረገጠ ሰው የዚያን ሌሊት ብርድ ያውቀዋል። በዚያ ብርድ ውስጥም ጥቂት ግራም የምትመዝን ነፍስ ማለዳን ትጠብቃለች።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በግቢያችሁ ያያችሁትን ወፍ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀመጠበትን አበባ ጻፉ። ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት ከእንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው። ለተማሪዎቼ ደግሞ ሌላ ልጨምር። ሰዎች «አንተ የተማርህ ነህ» ብለው ሲጠይቋችሁ፣ ለጆሮ የሚጥመው መልስ ቀድሞ ወደ አፋችሁ ይመጣል። «አጣርቼ ልንገርዎ» ለማለት የሚጠፋው ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። እኔ ያን ሳምንት ከመልሴ በፊት ሳይሆን በኋላ አጠፋሁት።



ከታዳሚዎች የቀረበ ጥያቄ፦ «ወፊቱ በመጨረሻ ምን ሆነች? በሚቀጥለው ዓመትስ ተመለሰች?»

መልስ፦ ከጥሩ ማለዳ በኋላ ሌሎች ብርዳም ሌሊቶችንም አልፋለች። በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ወደ መመገቢያው የምትመጣበት ጊዜ በጣም በዛ፤ ደረቷም ሞላ። ለጉዞ ስብ እያከማቸች ነበር። የካቲት 28 ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠጣች፤ ከዚያ በኋላ አላየናትም። አክስቴ በቀን መቁጠሪያው ላይ «ሄደች» ብለው ጽፈዋል። መመገቢያው ሙሉ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም። ቀለበቷንም አገኘሁ ያለ ሰው እስካሁን የለም። አክስቴ ግን በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ መመገቢያውን አጥበው ይሰቅሉታል። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ ጎረቤታቸው ሽማግሌም አንድ ገዝተው መስቀላቸውን ነገሩኝ።